ዱዓ ላይ ማይክ አይነጠቅም

ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ አንድ የፓርቲ ሰብሳቢ እሱኑ በሚከስ ዱዓ ላይ «አሚን» ሲል በዓይኔ አየሁ።

ከስብሰባው አዳራሽ መድረክ በላይ «የአርሶ አደሩ መሬት ያለ ፈቃዱ አይነካም» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ከሥሩ የተቀመጥነው ደግሞ ለአዲስ የመሬት ዕቅድ ተብሎ ማንም ሳይጠይቀን እርሻችን ላይ ችካል የተተከለብን ነን።

ጎረቤቴ ሸህ እንድሪስ ሦስት ጊዜ እጃቸውን አወጡ። ሦስቴም «ሰዓት የለም አባባ» ተባሉ። ለሰብሳቢው ንግግር ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ተገኝቷል።

ሲያበቃ ሰብሳቢው እንደ ወጉ «በሉ ሸህ፣ በዱዓ ይዝጉልን» ብሎ ማይኩን ሰጣቸው።

ሸሁ መዳፋቸውን ዘረጉ። እስላሙም ክርስቲያኑም አብረን ዘረጋን።

«ያረቢ፣ እርሻዬ መሀል ችካል የተከለውን አንተ ታውቀዋለህ።»

«አሚን» አልን።

«ይህን ባነር የሰቀሉትን የጻፉትን የሚያነቡ አድርጋቸው።»

አሁን አሚን የሚል ጠፋ። ሁሉም ሰብሳቢውን ያያል። እሱም እጁን ወደ ማይኩ ሰደድ አደረገና መለሰው። ወሎ ላይ ዱዓ አቋርጦ በሰላም ቤቱ የሚገባ ሰው የለም።

ቀስ ብሎ መዳፉን ዘረጋ። «አሚን» አለ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተከተለው።

ቤት ሳልደርስ የፓርቲውን ገጽ ከፈትኩ። እጃችንን እንደዘረጋን የተነሳነው ፎቶ ተለጥፏል። ከሥሩ «አርሶ አደሮች ለዕቅዱ ያላቸውን ድጋፍ በዱዓ ገለጹ» ይላል።

እናንተ ዘንድስ አሚናችሁ ምን ተብሎ ተጻፈ?