ሰርቨሩን የዘጋሁባቸው እትዬ

ሸዋ ሮቢት፣ በምሠራበት ክሊኒክ፣ ኤሲ ያለው ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የክሊኒኩን መረጃ ሁሉ የያዘው ኮምፒዩተር፣ የሰርቨሩ ነው። ሐኪሙ በላብ ተጠምቆ፣ በሽተኛው በካርዱ እየተራገበ፣ ያ ሳጥን ተንደላቆ ይኖራል። ጠባቂው እኔ ነኝ።

እኛ ሰፈር ሰው ከቤት ሲወጣ ቁልፉን ለጎረቤት ትቶ ነው። የሰርቨሩንም ፓስወርድ እንዲሁ አደልኩት፤ ለጠየቀኝ ሁሉ «እንካ!» ነው። እሱን የያዘ ሰው የትም ሆኖ፣ ፊቱ እንደተቀመጠ ሁሉ፣ ሰርቨሩን ማዘዝ ይችላል። አደጋ ነው ያላለኝ የለም። ማን ይሰማል!

አንድ የገበያ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ሰርቨሩ ድንገት ጠፍቶ ተነሳ። የላቦራቶሪ ውጤት ከስክሪኑ ተሰወረ፤ ወባ ያለበትም የሌለበትም እኩል ጮኸ። በሳምንቱ ያው ተደገመ። ሥራ አስኪያጁ ሰብስበውን «በምሳ ሰዓት ክሊኒኩ ውስጥ ማንም የለም፤ ከውጭ ማነው የሚያጠፋው?» ሲሉ፣ እኔ ከሁሉ ቀድሜ «ከቤት የሚሠሩት እትዬ ብቻ ናቸው» አልኩ።

እትዬ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከሰዓት ከሰዓት ቤታቸው ሆነው ይሠራሉ። ማን ከየት እንደገባ የሚያሳየውን የሰርቨሩን መዝገብ ማየት ነበረብኝ። ግን ማን ይለፋል፣ ጣት መቀሰር እያለ! ክሊኒኩ ውስጥ ካልተቀመጠ በቀር ማንም እንዳያዘው፣ ከውጭ የሚያስገባውን ሁሉ ዘጋሁ። ኮራሁም።

በማግስቱ እትዬ በቀትር ፀሐይ፣ ጥላ ይዘው፣ እያነከሱ ከቤታቸው ተመልሰው መጡ።

«ምን በደልኩህ ልጄ?»

«እትዬ፣ ለደህንነት ነው።»

«የማን ደህንነት? ወላሂ ነክቼው አላውቅም!»

በሦስተኛው ቀን እግራቸው አብጦ የመልቀቂያ ደብዳቤ ላኩ።

በቀጣዩ ገበያ ሰርቨሩ ሰላም ዋለ። «አላልኩም?» ብዬ፣ ለጉራ መዝገቡን ከፈትኩት። አንድ ኮምፒዩተር በምሳ ሰዓት ሊገባ ደጋግሞ ሞክሯል። የእትዬ አይደለም። ጎረቤት ከተማ ጀውሃ፣ ጥብስ የምበላበት ምግብ ቤት ነው።

ክው አልኩ። አንድ ቀን እዚያ ጥብስ ስጠብቅ ሰርቨሩ ተበላሸ ብለው ደወሉልኝ፤ በካሸሯ ኮምፒዩተር ገብቼ አስነሳሁት። ሁለተኛ እንዳልለፋ ብዬም ፓስወርዱን እዚያው አስቀምጬ፣ «ዳግም አስነሳ» የሚል ምልክት ስክሪኗ ላይ ትቼላት ሄድኩ። ታዲያ እሷ ምን ታድርግ? ገበያተኛ ሲበዛና ኮምፒዩተሯ ሲንቀራፈፍ፣ የራሷን የሚያስነሳ መስሏት ያንን ትጫናለች። የሚነሳው የሷ ሳይሆን የእኛ ነው።

እትዬ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። «አንተ ጉደኛ!» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ? እንዳልነካሁት አውቃለሁ። ስሜን ያነሳኸው በሰው ፊት ነው፤ እዚያው ንገራቸው።»

በማግስቱ ጠዋት ስብሰባ ላይ ተናገርኩ፤ ጥብሱንም ሳልደብቅ። ሥራ አስኪያጁ የእትዬን የመልቀቂያ ደብዳቤ ቀደዱት። አሁን ሁሉም በየራሱ ስምና ፓስወርድ ይገባል፤ ከውጭ መግባት የሚችሉት ግን እትዬ ብቻ ናቸው። እኔ ሰርቨሩ በተበላሸ ቁጥር ጥብሴን ጥዬ በሚኒባስ እመጣለሁ።

አዲሱ አሠራር በተጀመረበት ቀን፣ ከሰዓት መዝገቡን ከፍቼ ጠበቅኩ። ስምንት ሰዓት ላይ የእትዬ ስም ወጣ። ሐኪሙ ገብቶ «ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው?» አለኝ። ላብ ነው እንዳልል ኤሲው እየሠራ ነበር።