ሐዘንተኛው የሰፋው ድንኳን

ባለፈው ክረምት ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ፣ የሊማሊሞን ዳገት ጨርሶ የወጣ አንድ የጭነት መኪና አጠገቤ ቆመና ረዳቱ ዝናብ የጠገበውን ሸራ ይፈታ ጀመር፤ ያ የእርጥብ ሸራ ከባድ ሽታ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝን ሴትዮ የአሥር ዓመት ልጅ አድርጎኝ አረፈው። አባቴ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

አባቴ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ድንኳን ሲሰፋና ሲጠግን የኖረ ሲቪል ሠራተኛ ነበር። ጠመንጃ አንድም ቀን አልያዘም፤ አረማመዱ ግን ከወታደሮቹ ይብስ ነበር። ጡረታ ወጥቶ እኛን ይዞ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ደባርቅ ሲመለስ ያመጣው ንብረት አንድ ሣጥን ነው፤ ውስጡ ወፋፍራም መርፌ፣ ክርና ክሩን የሚያሽበት ድቡልቡል ሰም ነበረበት። ሰፈሩ አያ ታደሰ እያለ የተቀደደ ጆንያውን፣ የኮርቻ ጠፍሩን፣ የቤተ ክርስቲያኑን መጋረጃ ሳይቀር ያመጣለታል፤ እሱም ምሳ ቀርቦ ሳለ "ይቺን ብቻ ልጨርስ" ይላል፤ እናቴ "ሰፈሩን ሁሉ ሰፍተህ ልትጨርሰው ነው?" እያለች ወጡን መልሳ ትጥዳለች። ለእኛ የሰፋልን የትምህርት ቤት ቦርሳ ደብተር ባይኖርበትም ራሱን ችሎ ቀጥ ብሎ ይቆም ስለነበር ልጆች መሳቂያ አደረጉን። አልቅሰን ስንነግረው "ሲቀደድ አምጡልኝ፣ ሌላ እሰፋለሁ" አለን፤ መቼ ተቀዶ!

እዚህ በገባን በሦስተኛው ክረምት እናቴ ሞተች። በተቀበረች ማግስት ረፋዱ ላይ፣ ግቢያችን የተተከለውን የእድር ድንኳን ንፋስ ከአናቱ እስከ ወገቡ ሰነጠቀው። ከተራራው በኩል ደመናው ጠቁሮ ይመጣል። የእድሩ ሰዎች ተሯሩጠው ላስቲክ ቢያለብሱት ንፋሱ ገፎ አጥር ላይ ሰቀለው።

አባቴ ጋቢውን አዘቅዝቆ ከተቀመጠበት ፍራሽ ብድግ አለ። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ይቀመጣል፤ ውኃ እንኳ ሰው ያቀብለዋል፤ ሥራ መያዝማ ሟችን መናቅ ነው።

"አልማዝ፣ ሣጥኑን አምጪ" አለኝ።

የእድሩ ዳኛ መሪጌታ ውቤ ፊቱ ቆሙ። "አያ ታደሰ፣ ምን ነካዎት! ሐዘንተኛ መርፌ ሲይዝ የት ታየ? ይቀመጡ እንጂ፣ የእድሩ ልጆች እንደምንም ያደርጉታል።"

"የልጆቹ ስፌት ይኸን ንፋስ አይችለውም፣ መሪጌታ። ወንድሞቿ ከጃናሞራ በእግራቸው ተነሥተዋል። ያን ሁሉ መንገድ መጥተው እህታቸውን ዝናብ ላይ ቆመው ያልቅሷት? እኔ እያለሁ አይሆንም።"

ድንኳኑን አስወርዶ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ከኋላዬ አንዲት ሴት "ወይ ጉድ፣ እንባ እንኳ የለው!" ስትል ሰማሁ። ሰሙን እያቀበልኩት ያን ቀን አባቴን ጠላሁት፤ እናቴን አይወዳትም ነበር ማለት ነው አልኩ። እሱ ቀና ሳይል አንዱን ስፌት በሌላው ላይ እየደረበ ይሰፋል። ጥቂት ቆይቶ መሪጌታ ካባቸውን ሰበሰቡና ማዶ ተንበርክከው የሸራውን ጠርዝ ያዙለት።

ድንኳኑ ተመልሶ ሲቆም ዝናቡ ወረደ። ሦስቱ አጎቶቼ ብስብስ ብለው እየጮኹ በበሩ ሲገቡ ሸራው ከላይ እንደ ከበሮ ይመታል፣ ከሥሩ ግን አንዲት ጠብታ የለችም። አባቴ ስፌቱን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ተከተለው። ከዚያ ፍራሹ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ "የሺ!" ብሎ የእናቴን ስም ጠራ። እንደዚያ ያለ የወንድ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም፤ ታላቅ አጎቴ የራሱን ትቶ እሱን ሲደግፍ ዋለ። እኔም እግሩ ሥር ሄጄ ተደፋሁ።

አባቴ ራሱ ሲያርፍ እኔ ትልቅ ሰው ሆኜ ነበር። ድንኳኑ አዲስ፣ በብረት የቆመ ነው፤ እኔም ጥቁሬን ለብሼ በወጉ ተቀምጫለሁ። ከበየዳ የመጡ ሽማግሌዎች ቦታ አጥተው ደጅ ዝናብ ሲመታቸው ከተቀመጥኩበት አየሁ። አንዱ ተነሥቶ ያስገባቸዋል ብዬ ዝም አልኩ። ማንም አልተነሣም።