ጣት ያተመችው ሰማች፣ እኔ ፈረምኩ

በማግስቱ ልሄድ፣ ምሽቱን ሻንጣ ስናስር እናቴ «ጋቢሽን ያዢ» አለችኝ። እኔ ደግሞ «ዐረብ አገር በረሃ ነው፣ ጋቢ ምን ያደርግልኛል» ብዬ አውጥቼ አልጋው ላይ ጣልኩት። በእሱ ቦታ ጭኮ ከተትኩ። ሻንጣው አልዘጋ ሲል ልጄ ሌሊሴ ላዩ ላይ ወጥታ ተቀመጠችልኝ፤ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የሥራ ውሉ ወረቀት በፌስታል ተጠቅልሎ ከልብሱ ሁሉ ሥር ነበር። እዚያው ሥር ሦስት ዓመት ከምናምን ተኛ። የምነግራችሁም የሱን ነገር ነው።

የምሄደው ዮርዳኖስ ነው ሲባል የሰፈራችን ሴቶች «ጌታ የተጠመቀበት!» ብለው እልል አሉ። እኔ ግን ፈርቼ ነበር። ባሌ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር፣ እናቴ አርጅታለች፣ ልጅ አለችኝ፣ ፍርሃቴን ለማን አሳያለሁ? ጠዋት አውቶብሱ ከአምቦ ሲወጣ ጊንጪን፣ አዲስ ዓለምን፣ ሆለታን እያየሁ፣ ስመለስ በዚሁ ቅደም ተከተል ወደ ኋላ እቆጥራቸዋለሁ አልኩ በልቤ።

ውሉን የፈረምኩት ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ነው፣ አዲስ አበባ፣ አንድ ኤጀንሲ ቢሮ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረናል። ከጎኔ የተቀመጠችው ዲንቂቱ የምትባል ከካቺሲ የመጣች ሴት ናት፤ ፊደል አልቆጠረችም፣ አማርኛዋም ኦሮምኛ ይበዛበታል። ጸሐፊዋ ተራ በተራ እየጠራች ቀለም ያለበትን ስፖንጅ ትገፋለች፣ ሴቶቹ አውራ ጣታቸውን ነክረው ያትማሉ። የኔ ተራ ደረሰ።

«ጣትሽን አምጪ፣ እህቴ።»

«እኔ እፈርማለሁ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አንብበሽዋል?»

«አዎ።»

አላነበብኩትም። ሦስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፣ ፊደል አልጠፋኝም፣ ግን የማነበው እየቆጠርኩ ነው። ያን ሁሉ ሰው አስቁሜ «ሠ ራ ተ ኛ ዋ» እያልኩ ልንተባተብ? ደግሞ ሰው ፊት ወረቀት ማገላበጥ እኛ ጋ፣ ታውቃላችሁ፣ «ሌባ ነሽ» እንደማለት ነው። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ስሜን እስከ አያቴ ስም ድረስ ጎትቼ ጻፍኩት፣ አራት ቦታ። ጣቴ ቀለም ሳይነካው ተመለስኩ። እንዴት እንደኮራሁ!

ከኔ ቀጥሎ ዲንቂቱ አተመች። ጸሐፊዋ ግን ከማሳተሟ በፊት ወረቀቱን አንስታ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ለሚያትም ሰው ማንበብ ግዴታዋ ነው፣ ለሚፈርም ግን አይደለም፤ የፈረመ አንብቧል ይባላል። ከፊታችን ለነበሩትም አንብባለች፣ እኔ ግን ልቤ የራሴ ተራ ላይ ስለነበር አልሰማሁም። ቁጭ ብዬ አብሬ መስማት እችል ነበር። ነገር ግን ማስነበብ የሚያስፈልገኝ እንዳልመስል ተነስቼ ውሃ ልጠጣ ወጣሁ።

ዋና ከተማቸው አማን ስደርስ በረዶ ይጥል ነበር። በረሃ ያሉኝ አገር! አሠሪዬ፣ ማዳም ነው የምላት፣ የልጇን አሮጌ ጃኬት ሰጠችኝ፣ እጅጌው ጉልበቴ ሊደርስ ምንም አልቀረው። የመጀመሪያ ቀን ምግብ አቅርባ «ኩሊ» አለችኝ፣ ብዪ ማለቷ ነው። እኔ እንደ አገሬ «ኧረ ጠግቤያለሁ» አልኩ፣ «በሞቴ» እስክትለኝ እየጠበቅሁ። ማዳም «ጣይብ»፣ እሺ ማለቷ ነው፣ ብላ ሳህኑን አንስታ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን እምቢ ብዬ አላውቅም። እርጎአቸውን ላባን ይሉታል፣ ጨው ያደርጉበታል። በጠርሙስ የሚሸጥ ባለጋዝ ውሃም አላቸው፤ የአምቦን ውሃ መስሎኝ አንዴ ቀመስኩት። ጋዙ አለ፣ አምቦ የለም።

ሥራው እንደማንኛውም ሥራ ነው፣ አላማርርም። አልመቱኝም፣ አላስራቡኝም። ብቻ ቀን የሚባል ነገር የለውም። እሑድም አርብም ያው ነው። እኔ ደግሞ እንዲህ ነው የተፈረመው ብዬ ተቀበልኩ። አንድ ዓመት ሄደ፣ ሁለት ሄደ፣ ሦስተኛው ሲጋመስ እናቴ ሞተች። በስልክ ነገሩኝ። አገሬ ልሂድ ብዬ አልጠየቅሁም። እነሱ በቃሽ ሳይሉኝ ብሄድ የምታሰር መስሎኝ ነበር። ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብቼ፣ ማሽኑ ሲጮህ ጠብቄ አለቀስኩ። ማዳም ጥቁር ሻርፕ ሰጠችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም።

ከወራት በኋላ ማዳም ባቅዱኒስ ግዢ ብላ ላከችኝ፣ ሾርባ ላይ የሚደረግ ቅጠል ነው። አትክልት ቤቱ በር ላይ አንዲት ሴት በስልክ ኦሮምኛ ታወራለች። እግሬ ተተከለ። ዞር ስትል ዲንቂቱ ናት፣ ወፍራለች፣ ጫማዋ አዲስ ነው።

«አዴ ወይንሸት! አካም ጂርታ? ደህና ነሽ? የት ጠፋሽ? አርብ አርብ እዚህ እንሰበሰባለን፣ አንድ ቀን አይቼሽ አላውቅም!»

«አርብ ምን አለ?»

«ዕረፍቴ ነዋ።»

«የምን ዕረፍት? ማን ሰጠሽ?»

ሳቀች። «ወረቀቱ ነዋ የሰጠኝ! አምስተኛው ላይ አለ አይደል?» ብላ ጣቷን ትቆጥርልኝ ጀመር። «አራት፣ ፓስፖርት እኔ ጋ ይቀመጣል። አምስት፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት። ስድስት፣ በወር አንድ ጊዜ በነሱ ስልክ አገር ቤት መደወል። አንቺ እኮ የተማርሽ ነሽ፣ እስክሪብቶ አይደል የያዝሽው!»

«ይህን ሁሉ እንዴት አስታወስሽ?»

«ማንበብ የማይችል ሰው ሲነበብለት ምን ሥራ አለው? ይሰማል።»

የዚያን ቀን ከሻንጣው ሥር ፌስታሉን አወጣሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ በሦስት ቀን ጨረስኩት። አምስተኛው እንዳለችው ነው። ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ቁጭ አልኩ። ውሉ የሁለት ዓመት ነው ይላል፤ ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ አሠሪው የመመለሻ ትኬት ቆርጦ ይሸኛታል ይላል። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። እናቴ ስትሞት ውሉ ካለቀ ስድስት ወር አልፎት ነበር። ነጻ ሴት ሆኜ ነው ማጠቢያ ክፍል ተደብቄ ያለቀስኩት።

ወረቀቱን ይዤ ማዳም ፊት ቆምኩ። በዐረብኛ የተጻፈውን ገጽ ገልብጬ ዘጠነኛውን አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ወደ ላይ ተመልሳ አምስተኛውንም አነበበች።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«አንቺም የፈረምሽበት ነው፣ ማዳም። ይኸው ስምሽ።»

«ዋላሂ አላነበብኩትም» አለች። «ወረቀት ብዙ ነበር፣ ሰውየው እዚህ ፈርሚ አለኝ፣ ፈረምኩ።» መነጽሯን አውልቃ «ሁለት ዓመቱ ካለቀ ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ።

«አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ።»

«እኔ ደግሞ እዚህ መኖር ወደሽ ነው ብዬ።»

ሁለታችንም አንባቢ ነን እንግዲህ! እሷ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ናት። ሳቅ መጣብኝ፣ ከዚያ ሳቁ ሌላ ሆነብኝ። ወር ሳይሞላ ትኬት ቆረጠችልኝ። ይቅርታ አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። የራሴን ይቅርታ ማንን እንደምጠይቅ ሳላውቅ እሷን ምን እላታለሁ?

ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን ቆጠርኩ፣ አምቦ ገባሁ። የእናቴ መቃብር ላይ ሣር በቅሏል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ዘመድ ቤት የቆየችው ሌሊሴ ጋቢዬን ለብሳዋለች፤ ረዝማ ጫፉ ጉልበቷ ላይ ቀርቷል። ሁለት ወር አብሬያት ከረምኩ፣ አንድ ቀን እንኳ ሙሉ እናት አላደረገችኝም። «አክስቴ» እንደሚሉት ዓይነት ታከብረኝ ነበር። ቤቱ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ትምህርቷም አለ፣ ወደ አማን ተመለስኩ። በሁለተኛው ውል ላይ ጸሐፊዋን «አላየሁትም፣ አንብቢልኝ» አልኳት። «መፈረም ትችያለሽ እኮ» አለች። «መፈረምማ እችላለሁ» አልኳት። አስራ አንዱንም አንቀጽ አነበበችልኝ፣ ጣቴን እያጠፍኩ ሰማሁ። አሁን የምሠራው አንድ ሽማግሌ ቤት ነው፤ አርብ አርብ ከነዲንቂቱ ጋር እቀመጣለሁ።

እናንተ ለመውጣት ያሰባችሁ፣ ማፈር ካለባችሁ ኋላ እፈሩ፤ ወረቀቱ ፊት ግን አትፈሩ። ሰልፉ ይጠብቃል። ይህን ለብዙ ሰው ተናግሬያለሁ። ለሌሊሴ እነግራለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ደወለች። ሃያ ዓመት ሆኗታል።

«እማ፣ አዲስ አበባ ነኝ። ኤጀንሲ። ዱባይ ነው።»

የሽማግሌው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ለምን ብዬ ጮህኩ፣ እኔ የለፋሁት ለምንድን ነው አልኩ። «አንቺም ሄደሻል» አለች ቀስ ብላ። «እሺ» አልኳት፣ «ሳትፈርሚ ለኔ አንብቢልኝ። ሁሉንም።»

«እማ፣ ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል።»

«ይሰለፍ።»

ከጀርባዋ የሴት ድምፅ ሰማሁ፣ «እህት፣ እባክሽ፣ ስልኩን ኋላ!» ሌሊሴም «እናቴ ናት፣ ውሉን ልትሰማ ነው» አለቻት። «እናትሽ ጠበቃ ናት?» «አይ፣ ዮርዳኖስ ናት።» ሰዎች ሳቁ። ልጄ ማንበብ ጀመረች።

እንደ ወንዝ ነው የምታነበው፣ አንድም ቦታ አልተንተባተበችም። እኔ ጣቴን እያጠፍኩ ጉድጓዱን እፈልጋለሁ። ፓስፖርት እሷ ጋ፣ ደህና። ዕረፍት በሳምንት አንድ ቀን፣ ደህና። ስልክ፣ ሕክምና፣ የመመለሻ ትኬት፣ ደህና። አንድ መጥፎ መስመር ብቻ ባገኝ «ተይው፣ ልጄ፣ ተነሺ ውጪ» እላት ነበር። አስራ ሁለተኛው ላይ ደረሰች። ወረቀቱ ጥሩ ወረቀት ነው። እናት ከስደት ስትመለስ ልጇ እንደ «አክስቴ» እንደምታያት፣ እናት ብትሞት ማጠቢያ ክፍል እንደሚለቀስ፣ የትኛውም አንቀጽ ላይ የለም። የለም ብዬ ጸሐፊዋን እንዴት ልክሰሳት?

«አለቀ፣ እማ። ጥሩ ነው አይደል? ልፈርም?»

የእስክሪብቶው ክዳን ሲከፈት ተሰማኝ።

«አንዴ ድገሚልኝ» አልኳት።

«የቱን?»

«ከመጀመሪያው።»

ጸሐፊዋ የሆነ ነገር ተናገረች። ሌሊሴ ተነፈሰች፣ ወረቀቱ ሲገለበጥ ሰማሁ፣ ከዚያ «አንቀጽ አንድ» አለች።