ዘመድ ያልሆነ ምስክር

ሰውየው ወንበሩን አንስቶ በግራዋ በኩል አስቀመጠው። ጸሐፊዋ መጀመሪያ ያስተዋለችው ይህን ነው። ሲቪ ሊያጽፍ የሚመጣ ሰው ሁሉ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከፊቷ ነው የሚቀመጠው፤ ሐኪም ፊት እንደቀረበ በሽተኛ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ የምትጠይቀውን ይጠብቃል። ይሄኛው ግን ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና በግራዋ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ተቀመጠ። ብርሃኑን አልከለለባትም፤ ክንዷንም አልነካባትም።

«ምነው ጋሼ፣ እዚያ አልተመችዎትም?»

«ልምድ ነው የኔ ልጅ። ከሚጽፍ ሰው ፊት ለፊት ከተቀመጥሽ ፈታኝ ትመስያለሽ። በቀኙ ከሆንሽ ደግሞ እጁን ታጨናንቂዋለሽ። በግራው ሲሆን ግን አብረሽው እየሠራሽ ነው።»

ጸሐፊዋ ሳታስበው ፈገግ አለች። እዚህች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንዴ ከሞቀ የማይበርደውን የፎቶ ኮፒ ማሽን ታቅፋ፣ የስንቱን ሰው ሕይወት በጣቶቿ ለቅማለች። የጥበቃውንም፣ የሒሳብ ሠራተኛውንም፣ የነርሷንም። ስለ መቀመጥ ግን ያስተማራት ሰው አልነበረም። ዘወር ብላ አየችው። ፀጉሩ በጆሮ ግንዱ አካባቢ ሸብቷል፤ ጫማው ተወልውሏል፤ ኮቱ ከላይ እስከ ታች ደህና ሆኖ ቀኝ ክርኑ ብቻ ሳስቷል። ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ክርን የሰው ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ኖሯል።

የቤት ለቤት አስጠኚ ነው። በመምህራን ኮሌጅ ሒሳብ ተምሮ ጥቂት ዓመት ክፍል ውስጥ አስተማረ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራው ሁሉ የሰው ሳሎን፣ የሰው በረንዳ፣ የሰው መመገቢያ ክፍል ነው። አሁን ከገበያው ባሻገር አዲስ የተከፈተው የማስጠኛ ማዕከል አንድ የሒሳብ አስጠኚ ይፈልጋል። ማመልከቻ የሚቀበሉት ዛሬ ቢሮ እስኪዘጋ ድረስ ብቻ ነው።

«ዛሬ ነው የሚያልቀው? ታዲያ እስካሁን የት ነበሩ?»

«ራሴ ስጽፍ ነበራ!» አለና ከጉያው የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ።

አራት ገጽ ነው። ጸሐፊዋ ማንበብ ጀመረች። ትጉህ፣ ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ጫናን ተቋቁሞ መሥራት የሚችል፣ ከማንኛውም ሰው ጋር ተግባቢ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚህ በፊት ራሷ ስንት ጊዜ እንደጻፈችው አታውቀውም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ መንጃ ፈቃድ አለዎት?»

«የለኝም።»

«እዚህ ላይ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አለኝ ይላል።»

«ኧረ!» ወረቀቱን ጎተተው። «ባለቤቴ፣ ወንድሟ በቀደም ሥራ የያዘበትን ሲቪ ሰጥታኝ ከሱ ላይ ነው የገለበጥኩት። አታይም፣ ልጆቹን አትኮርጁ እያልኩ ስጮህ ኖሬ!»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ጸሐፊዋ አራቱን ገጽ ወደ ጎን ገፋ አደረገችና ባዶ ገጽ ከፈተች።

«ታታሪነትዎን እዚያው ይተዉት፤ ታታሪ ያልሆነ ሰው ሲቪ አይቼ አላውቅም። ይልቅ ማንን ምን እንዳስተማሩ ይንገሩኝ። አንድ ልጅ ያስታውሱ። ሲመጡ ምን ነበር፣ ሲወጡ ምን ሆነ?»

ይህን ስትለው ሰውየው ወንበሩ ላይ ቀና አለ። ቁጥር ስታይ የምታለቅስ ልጅ ነበረች፤ ደብተር ከመክፈታቸው በፊት የቤቱን በርና መስኮት በስንዝሯ እያስለካት ክፍልፋይን ሳታውቀው ለመደችው፤ በዓመቱ መጨረሻ ከክፍሏ ለጓደኞቿ የምታስረዳው እሷ ሆነች። ቁጭ ብሎ ማሰብ የማይችል ልጅ ነበረ፤ በኮሪደሩ ወዲያ ወዲህ እያሉ የአልጀብራን ጥያቄ በቃል ሲፈቱ ከርመው ልጁ ወደ ቀጣዩ ክፍል አለፈ። ታች ቤት ያለው ጎረቤት ግን የእግራቸው ኮቴ አላስተኛ ብሎት ሊከስ ነበር። ጸሐፊዋ እየሳቀች ጻፈች። የጎረቤቱን ነገር ትታ ሌላውን በአጭር በአጭሩ አሰፈረችው። ከሁሉ በላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ የሚያስተምረውን ትምህርትና የክፍሉን ደረጃ በደማቅ ፊደል አስቀመጠች። የሚያነበው ሰው ገና ዓይኑን ሲጥል ማን እንደመጣበት ይወቅ ብላ ነው።

ገጹ ቅርጽ እየያዘ ሲሄድ ጸሐፊዋ እንደ ልማዷ ተደነቀች። አንድ ሰው በር ገፍቶ ሲገባ ይህን ሁሉ ይዞ እንደሚገባ በምን ይታወቃል?

«አሁን የቀረን አንድ ነገር ብቻ ነው» አለችው የማዕከሉን ማስታወቂያ እያየች። «ስለ ሥራዎ የሚመሰክር፣ ስልክ ተደውሎ የሚጠየቅ፣ ዘመድዎ ያልሆነ ሰው ይላል። ይህን ያላሟላ አይታይም ይላል። ማንን ልጻፍ?»

እስካሁን አፉ ያልቦዘነ ሰው አሁን መስኮቱን ማየት ጀመረ።

«ጋሼ?»

«የለኝም።»

«እንዴት የለኝም? ይህን ሁሉ ልጅ አስተምረው?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ በየቤቱ አጎት ነኝ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን አስጠኚ ያስፈልገዋል ብሎ አፍ አውጥቶ የሚናገር ቤተሰብ እሱ በሚሠራበት ሰፈር የለም። ልጄ ደካማ ነው ማለት ይሆናላ! ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ እናትየው ወደ ጎን ሳብ ታደርገውና «ሰው ከጠየቀ አጎቱ ነኝ በል» ትለዋለች። እሱም እሺ ይላል። በአንዱ ቤት በእናት በኩል አጎት፣ በሌላው ቤት በአባት በኩል አጎት፣ አንዱ ቤት ደግሞ ከሩቅ አገር የመጣ አጎት ነበረና እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለ ጉዞው ይጠየቅ ነበር። በኮሪደር የሚያገኙት ጎረቤቶች የዘመዱን ብዛት እያዩ ይቀኑበታል። ልጆቹም «አጎቴ» ይሉታል፤ ስሙን የሚያውቁት ከስንት አንድ ናቸው።

«ለምን እሺ ይላሉ?» አለች ጸሐፊዋ። ተናደደችለት።

«መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ከዚያ ለመደብኝ። አሁን ግን በቃኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ በቀደም፣ አባዬ፣ የአባትሽ ሥራ ምንድን ነው ሲሉኝ ዘመድ ጥየቃ ነው ልበላቸው? አለችኝ። ስቄ አለፍኩት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የማዕከሉ ሥራ የደመወዝ ነገር ብቻ እንዳይመስልሽ። በሩ ላይ አስጠኚ ተብሎ ይጻፋል። ልጄ መጥታ ታየዋለች።»

ጸሐፊዋ ጣቷን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች። «እንግዲያው ይደውሉ። ከነዚያ እናቶች አንዷ እንኳ እውነቱን ብትናገር ምን ትሆናለች?»

አስጠኚው ስልኩን አወጣና መድኃኒት ቤት ላላት ሴት ደወለ። ልጇን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ እስከ ዩኒቨርሲቲ በር ያደረሰው እሱ ነው። ጸሐፊዋም አድራሻውን እየሰማች እንድትጽፍ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው። ሴትዮዋ በደስታ ተቀበለችው፤ ጤናውን፣ ባለቤቱን፣ ልጁን ጠየቀች። የደወለበትን ሲነግራት ግን ድምፅዋ ቀዘቀዘ።

«ውይ ወንድሜ፣ እሱንማ እንዴት አድርጌ… ልጄ እኮ ራሱን በራሱ ነው ያስተማረው እያልኩ ነው ሰው ሁሉ የሚያደንቅልኝ። አሁን አስጠኚ ነበረው ብል ምን ይሉኛል? አንተ የኔን ነገር ታውቀዋለህ፤ ሆድ ይፍጀው።»

«ሆዴ ሞልቷል እቴ፣ ሌላ አይችልም» አለና በደህና ሁኚ ዘጋ። ለጸሐፊዋ ትከሻውን ነቀነቀላት። ሊስቅ ሞከረ እንጂ ሳቁ አልመጣለትም።

ጸሐፊዋ አሰበች። «ጋሼ፣ ለምን ወላጆቹን ብቻ? የተማሩት እኮ ልጆቹ ናቸው። ያደገ የለም?»

አስጠኚው ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ቀያሿ!»

ያች በስንዝሯ በርና መስኮት ስትለካ የነበረችው ልጅ ናት። አሁን መሬት ቀያሽ ሆናለች። አግብታለች። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ፤ ከጀርባዋ ነፋስ ይሰማል፤ ሜዳ ላይ ነች።

«አጎቴ! ዘመድ እንዲህ ይጠፋፋል? ከሰርጌ ወዲህ ድምፅህን እንኳ አላሰማኸኝም!»

«ይቅር በይኝ፣ ሥራ በዝቶ ነው። ስሚኝማ፣ ሥራ ላመለክት ነው። ስለ ማስተማሬ የሚመሰክር ሰው ፈልገው…»

«ታዲያ እኔ አለሁ አይደል! ሒሳብ ያስተማረኝ አጎቴ ነው እያልኩ እዚህ ያሉትን ሁሉ አደንቁሬያቸዋለሁ።»

«ዘመድ መሆን የለበትም ይላሉ።»

«እንዴ! ታዲያ እኔማ የእህትህ ልጅ ነኝ፣ እንዴት ይሆናል?»

አስጠኚውና ጸሐፊዋ ተያዩ። ቀያሿ እየቀለደች አልነበረም። እናቷ አልነገረቻትም። አስጠኚው ደግሞ ልጆቹ ሲያድጉ ወላጆቻቸው እየሳቁ የሚነግሯቸው ይመስለው ነበር። ዝም ብሎ ስሟን ቢያስጽፍ የማዕከሉ ሰዎች ደውለው ሲጠይቋት «አጎቴ ነው» ትላቸዋለች፤ ወረቀቱም እዚያው ይጣላል። እውነቱን ከነገራት ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ ከልቧ አጎቴ የምትለውን ልጅ ያጣል።

«ስሚኝ የኔ ልጅ» አለ በመጨረሻ። «እኔ የእናትሽ ወንድም አይደለሁም።»

«የአባዬ ነህ እንዴ?» አለች።

«የአባትሽም አይደለሁም። አስጠኚሽ ነበርኩ። እናትሽ ሰው እንዳያውቅ ብላ ነው።»

«አጎቴ፣ አትቀልድብኝ! በአፍንጫ እሱን ነው የምትመስለው እየተባልኩ እኮ ነው ያደግሁት!»

«እሱስ እኔም እየሰማሁ ነው ያረጀሁት።»

«የሰርጌ ፎቶ ላይ ከዘመድ ተርታ ቆመሃል!»

«እናትሽ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ፤ ምን ላድርግ?»

ቀያሿ አልሳቀችም። ስትናገር ድምፅዋ ሌላ ሆኗል። «ፈተና የወደቅሁ ጊዜ፣ ክፍሌን ቆልፌ አልከፍትም ያልኩ ጊዜ፣ በሩ ሥር ወለል ላይ ቁጭ ብለህ ያመሸኸውስ? እሱም ሥራ ነበር?»

«መጀመሪያ ቤታችሁ የመጣሁት ለሥራ ነው። አልዋሽሽም። በሩ ሥር ግን ቁጭ በል ያለኝ የለም። እናትሽማ ተወው፣ ነገ ና ብላኝ ነበር። አንቺ ሳትወጪ መሄድ እግሬ እምቢ አለኝ።»

ማሽኑ ባዶውን ያጉረመርማል። ጸሐፊዋ የሰው ሲቪ ስትጽፍ ዓይኗ ዕንባ አቅርሮ አያውቅም፤ አሁን ግን ስክሪኑ ፊቷ ላይ ተንቀጠቀጠባት።

«የሚጽፍልህ ሰው አጠገብህ አለ?» አለች ቀያሿ።

«አለሁ እህቴ» አለች ጸሐፊዋ።

«ጻፊ።» ሙሉ ስሟን፣ ሥራዋን፣ ስልኳን ረጋ ብላ፣ ቁጥሩን እየከፋፈለች ነገረቻት። «ዝምድና የሚለው ላይ የለም በይ። ተማሪው ነበረች በይ። ምን ያህል እንዳናደደኝም ጨምሪበት።»

«አንድ ገጽ ብቻ ነው፣ ቦታ የለውም» አለቻት ጸሐፊዋ።

«እንግዲያው እሱን ራሴ ለእማዬ በቃሌ አደርስላታለሁ!» አለችና አሁን ሳቀች። ሳቋ ወዲያው አለቀ። «ታዲያ ከእንግዲህ ምን ብዬ ነው የምጠራህ?»

«ለሚደውሉልሽ ሰዎች አስጠኚዬ ነበር በያቸው። ለኔ ግን አፍሽ እንደመጣለት።»

«ይደውሉና ይስሙኝ» አለች። «እንዲህ አድርጌ ነው የምመሰክርልህ፣ እውነተኛ አጎቴ ብትሆን ኖሮ እንኳ ይህን ያህል አልልልህም ነበር።»

ወረቀቱ ትኩስ ሆኖ ወጣ። አስጠኚው በሁለት እጁ ተቀብሎ ከላይ ጀምሮ አነበበው። የሚያርም አስተማሪ ዓይን ነበረው፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ እየሄደ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። መጀመሪያው መስመር ላይ ግን ተመልሶ ቆየ። የሒሳብ አስጠኚ፣ ከነክፍል ደረጃው። ሌላ ምንም አልተባለበትም፤ የማንም ወንድም፣ የማንም ዘመድ አይደለም።

«ምንም አላረምኩም» አለ። «ከኔ እጅ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ ያለፈ ወረቀት ጥቂት ነው።»

«ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩዎት ደግሞ ከጠያቂው ፊት ለፊት ይቀመጡ፤ ጠረጴዛውን እንዳይዞሩበት!»

«እሱን እንኳ ቃል አልገባልሽም።»

ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ከቶ ደረቱ ላይ ለጥፎ ወጣ። ጸሐፊዋ ተነስታ እስከ በሩ ሸኘችው። ከመንገዱ ማዶ ቁልፍ የሚቀርጸው ሽማግሌ አየውና ሞረዱን አቆመ።

«ሰላም ነው? ፖስታ ይዘህ ወዴት ነው?»

«ሥራ ላመለክት!»

«ምን ሥራ ልትሠራ?»

«አስጠኚ ነኝ፣ የሒሳብ!» አለ፣ የሚያልፈው መንገደኛ ሁሉ እስኪሰማው ድረስ።

«አንተ? ከመቼ ጀምሮ?»

እሱ ግን አልቆመም። በሕዝቡ መሐል መንገዱን እየከፈተ፣ ሰፋ ሰፋ ባለ እርምጃ ወደ ገበያው ወረደ።