የዋንዛው ጠረጴዛ ጠባሳ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሞጣ፣ በረንዳዬ ላይ ሆኜ የአባቴን የምግብ ጠረጴዛ በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ከእንጨቱ የሰም ሽታ ተነሣ። የአሮጌ ቫርኒሽ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ይኼ ግን ማር ማር የሚል፣ ቅኔ ማሕሌት ውስጥ የሚሸት ዓይነት ነበር። ወረቀቱን ገልብጬ ባየው ቢጫ ነገር ተለጥፎበታል። እግሮቹን የሚጠግንልኝ አናጢው ሰይድ "እትዬ፣ ደከመዎት እንዴ?" አለኝ። ጎንበስ ብዬ እንጨቱን አሸተትሁ። ሽታው የመጣው የአውራ ጣት ጫፍ ከምታክል ጥቁር ጉድጓድ ነበር፤ በዚያች ጉድጓድ የተነሣ ደግሞ እኔ የልጅነቴን ደህናውን ግማሽ አጥቻለሁ።

ጠረጴዛው ቢቸና፣ አባቴ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር ነበር የሚቆመው። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበሩ በሰፈራችን ጠረጴዛ ላይ የሚበላው የእኛ ቤት ብቻ ነበር፤ ጎረቤት ሲመጣ አብረውን የሚኖሩት የአባቴ እኅት፣ አክስቴ እታገኝ፣ ጠረጴዛው የሚለብሰውን የላስቲክ ጨርቅ ጫፍ ገለጥ አድርገው የዋንዛ እንጨቱን እንደ ሙሽራ ፊት ያሳዩት ነበር። እንግዳ ከሌለ እኔና ታላቅ ወንድሜ ጋሼ አለልኝ ፊት ለፊት ተቀምጠን እናጠናለን፤ እኔ የትምህርት ቤቴን፣ እሱ ዳዊቱን። ወንበሩ ከፍ ያለ ስለነበር እግሬ መሬት አይነካም፤ እያወዛወዝሁ፣ በላስቲኩ ላይ የተሣሉትን ቢቸና ገበያ ወጥተው የማያውቁ ፍሬዎች እየቆጠርሁ ሒሳብ እሠራለሁ። በሒሳብ ከክፍሌ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ይህን ስጽፍ ቅንጣት አላፍርም።

አንድ ክረምት አክስቴ ላስቲኩን ሊያጥቡ ሲያነሡ ጉድጓዷ ተገኘች። እኔ በዋዜማው እዚያው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፌ የአባቴን ሸሚዝ በከሰል ካውያ ተኩሼ ስለነበር ፍርዱ አልዘገየም፤ ከካውያው ፍም ወድቋል ተባለ።

"ፍም ቢወድቅ ብርድ ልብሱና ላስቲኩ አይቃጠሉም ነበር?" አልሁ።

"ደግሞ ትሟገታለች! የአባቷ ችሎት መስሏት ነው?" አሉ አክስቴ። "እጇ እሳት ነው፤ ሁለተኛ እዚህ ድርሽ እንዳትል!"

ቀኑን ሙሉ የሰው ክርክር ሲጽፉ የሚውሉት አባቴ የእኔን ሳይሰሙ በጉድጓዷ ላይ ቫርኒሽ አስቀቡባት። ጋሼ አለልኝ ዳዊቱን ታቅፎ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር። እኔ ደብተሬን ይዤ ማድ ቤት ገባሁ። ማድ ቤት የተቀመጠች ልጅ ደግሞ ትላላካለች እንጂ አታጠናም፤ ውኃ አምጪ፣ እንጨት ጨምሪ ሲሉኝ ሒሳቡም ከእጄ ወጣ፣ ትምህርቱም ቀረ፣ ወደ ሞጣም ተዳርሁ። ጋሼ አለልኝ ግን ደብረ ወርቅ ቅኔ ተማረ፣ መሪጌታ ሆነ። አባታችን ያረፉ ጊዜ ንብረት ስንካፈል በሽማግሌዎች ፊት "ያን የተቃጠለውን ለሷ ስጧት፤ ያቃጠለችው እሷው!" ብሎ ሰው አሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በአይሱዙ አስጭኜ አመጣሁት፤ ልጆቼም የልጅ ልጆቼም ያጠኑት በሱ ላይ ነው። ከቤቴ ማድ ቤት ተቀምጣ ያጠናች ሴት ልጅ የለችም።

እንግዲህ የሰሙ ነገር። በቤታችን ጧፍ የሚይዝ ከጋሼ አለልኝ ሌላ ሰው አልነበረም። የክረምት ደመና ቤቱን ሲያጨልመው ላስቲኩን ገለጥ ያደርግና፣ የቤተ ክርስቲያን ልጆች በድንጋይ ላይ እንደሚያደርጉት፣ ጧፉን በራሱ ጠብታ እንጨቱ ላይ አጣብቆ ዳዊቱን ይደግማል። አክስቴ ያዩታል፤ ግን የዳዊት መብራት ይባርካል እንጂ ያቃጥላል ብሎ ማን ይጠርጥር!

ሰይድ ጉድጓዷን በእንጨት ዱቄትና በኮላ ሊደፍናት ሲል "ተዋት" አልሁት።

"ሰው ሲያያት ነውር ነው እኮ፣ እትዬ።"

"የሚያያት ሰው ስላለ ነው።"

እሑድ ጋሼ አለልኝ ለዘመድ ሠርግ ሞጣ መጣና ምሳ ጠራሁት። ጠረጴዛው እንደ አዲስ ያበራል። ነጭ ጥምጣሙን እንዳደረገ ጉድጓዷ ያለችበት፣ የድሮ ቦታው ላይ አስቀመጥሁት፤ እኔ ቆሜ አስተናግዳለሁ።

"ጋሼ፣ እስቲ እዚህ ጣትህን አስገባና አሽትት" አልሁት።

አስገባ። አሸተተ።

"ዝናብ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ደወል ሰማሁና ረስቼው ሮጥሁ።"

"ላስቲኩን መልሶ ያለበሰውስ ማን ነው?"

"አንቺ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ይዘሽው ኖርሽ?" አለ።

"የያዘው እንጨቱ ነው።"

ይቅርታ አላለም፤ እኔም አልለመንሁትም። ብቻ በፊቱ ያለውን ባዶ ወንበር በእጁ አሳየኝና "በይ ቁጭ በይ፤ ቦታሽ አይደል" አለ። ከዚያ ቦታ ያስነሡኝ አክስቴ በሕይወት ኖረው ይህን ቢሰሙ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ተቀመጥሁ። እግሬ መሬት ረገጠ። እግሯን እያወዛወዘች ሒሳብ የምትሠራዋ ልጅ ግን፣ ብጠራትም፣ ከማድ ቤት አልወጣችም።