ወሬ ያልፈጠረበት ካፒቴን

ካፒቴኑ ሃያ ስድስት ዓመት አውሮፕላን ሲያበር ጎማ እንኳን ፈንድቶበት አያውቅም። ቃል ግን እንደ ነዳጅ ይቆጥባል። ሚስቱ “ዳቦ፣ ሁለት፣ ከጥጉ ሱቅ” ካለችው፣ ከመቆጣጠሪያ ማማ እንደታዘዘ ሁሉ “ዳቦ፣ ሁለት፣ ከጥጉ ሱቅ” ብሎ ይደግምና ይወጣል። ባልደረቦቹ “አቶ ተቀብያለሁ” የሚሉት ለዚህ ነው።

ይህ ጠባዩ ስንት ዓመት እንጀራ ሲሆነው ኖሮ አሁን ጉሮሮው ላይ ሊቆም ሆነ። ከአገር አገር የሚያበር ሰው እንግሊዝኛ ይፈተን የሚል ደንብ ወጣ፤ ከስድስቱ ደረጃ አራተኛውን ያላገኘ ድንበር አያቋርጥም። የሬዲዮውን እንግሊዝኛ ካፒቴኑ እንደ ውኃ ይጠጣዋል። ፈተናው ግን ጨዋታም ይፈልጋል።

“በሥራዎ ላይ ያጋጠመዎትን ያልታሰበ ነገር እስኪ ያጫውቱኝ” አለችው ባለመነጽሯ ፈታኝ።

“ምንም።”

“በሃያ ስድስት ዓመት?”

“ምንም።”

ሥዕል አሳየችው።

“አውሮፕላን። ሣር።”

“ሌላስ?”

ሥዕሉን ደግሞ አየና “ብዙ ሣር” አለ።

ደረጃ ሦስት ሰጠችው። ከዐሥር ቀን በኋላ ሁለተኛ ዕድል አለው፤ እሱንም ከጣለ ከውጭ በረራ ይወርዳል።

ቤት ውስጥ ይህን የሰሙት አማቱ አንዲት የውጭ ቃል ባፋቸው ዞራ አታውቅም። “ልጄ፣ በገዛ ቋንቋህ ያላወራኸውን በሰው ቋንቋ ከየት ታመጣዋለህ? የቸገረህ እንግሊዝኛ አይደለም፣ ወሬ ነው። እሱ ደግሞ እኔ ዘንድ ሞልቷል” አሉት።

ከማግስቱ ጀምሮ የማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ትምህርት ቤት ሆነ። እሱ በእንግሊዝኛ ያወራል፤ ዝም ሲል እሳቸው ድስቱን በጭልፋ መታ አድርገው “ከዚያስ?” ይላሉ።

“እማማ፣ የምለው ይገባዎታል?”

“የምትለው አይገባኝም፤ ዝም ስትል ግን ይገባኛል። ከዚያስ?”

በዘጠነኛው ቀን “ለእኔ ብለህ ከተማውን በሰማይ ያዞርከኝን ቀን ለምን አትነግራቸውም?” አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አማቱ እሱ በሚያበረው አውሮፕላን ተሳፍረው ነበር። ሊያርፍ ሲል የተቀቀለ እንቁላል በከረጢት ይዘው መተላለፊያው ላይ ብድግ አሉና “አማቼ ይህን ሳይቀምስ አልቀመጥም” አሉ። ሰው ቆሞ አይታረፍምና፣ ካፒቴኑ ማረፊያው ሜዳ አፍ ላይ ሲደርስ አውሮፕላኑን መልሶ አነሣው። አንዷ አስተናጋጅ “በልቷል” ብላ ምላ እስክታስቀምጣቸው ከተማውን ዞረ። እሳቸው ታዲያ ለክብራቸው የዞረ መስሏቸው ለሰፈሩ ሁሉ አወሩት። እውነቱን ሊነግራቸው አንጀቱ እንቢ አለው።

በፈተናው ቀን ያችው ባለመነጽር ያንኑ ጠየቀችው። ጆሮው ውስጥ ጭልፋው ድስቱን መታ።

“አማቴ...” ብሎ ጀመረ።

“ከዚያስ?” አለች ፈታኟ።

እንቁላሉ ላይ ሲደርስ መነጽሯን አውልቃ የሳቅ እንባዋን ጠረገች። ሰዓቱ ቢያልፍም የሚያስቆመው አልተገኘም።

ቤት ሲገባ አማቱ በሩ ላይ ጠበቁት።

“እህሳ?”

“አራት። አለፍኩ።”

“ምን አወራህላቸው?”

“ከተማውን ያዞርኩዎትን ቀን።”

“አላልኩህም! ወደዱት?”

“ፈታኟ አለቀሰች።”

“አንጀቷን በልተኸው ነዋ! ለስንት ጊዜ ነው ያለፍከው?”

“ለሦስት ዓመት።”

“ሦስት ዓመት ምን አላት? የተሰማ ወሬ ደግሞ አይደገምም። እንግዲያው አንድ ቀን አሳፍረኝና አዲስ ወሬ እንያዝ። እንቁላሉ ከእኔ።”

ካፒቴኑ ኮፍያውን አስቀመጠ። ከዚያ “ከዚያስ?” የሚለው ሳይኖር፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ወንበሩ ጥበት፣ ስለ ወቅቱ ንፋስ፣ በባቡር መሄድ ለጉልበት እንዴት እንደሚስማማ ትንፋሽ ሳይወስድ ግማሽ ሰዓት አወራ።

ሚስቱ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ስትሰማው ቆየችና፣ “ለዚህ ሰውዬ ነው አራት የሰጡት?” አለች።