እናቴ የሌለችበት ፎቶ

ልጆቼን የማነሳበት ትንሽ ካሜራ ልገዛ አንድ የካሜራ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ "ይሄ ፈጣን ነው፣ መጫን ብቻ ነው" ብሎ ቀጭ ሲያደርገው የአባቴ ካሜራ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ ነው፤ የፋሲካ ዕለት ነበር። እናቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ከእኛ ከልጆቿ ጎን ቆመች። አባቴ ካሜራውን ከዓይኑ ሳያወርድ "አንቺ ዘወር በይ፣ ፊልም አታባክኚ" አላት።

"እናታቸው አይደለሁም እንዴ?" አለችው በቀስታ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። ፊልሙ ሊያልቅ መስሎኝ ነበር፤ እኛን ግን ደጋግሞ አነሳን።

እናቴ ስትሞት ለለቅሶው የሚሆን አንድ ፎቶ አጣን። አባቴ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ "እንዴት የእናታችሁን ፎቶ አታስቀምጡም?" ብሎ ተቆጣን።

ባለሱቁ "እህቴ፣ ልጠቅልልልሽ?" አለኝ። "አዎ" ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። አባቴን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።